በጅላል የማይደርቀው ሣር

ጅጅጋ ውስጥ ጅላል ሲገባ ሁሉም ነገር የአቧራ መልክ ይይዛል። ጅላል ሶማሌዎቹ የበጋውን ወራት የሚጠሩበት ስም ነው፤ እዚያ ያደግን ሁላችንም እንደዚያው እንለዋለን። ፍየሉም፣ የጣራው ቆርቆሮም፣ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጡት ሰዎች ቅንድብም አቧራ ይሆናል። በዚያ ወቅት በሰፈራችን አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኛ ጓሮ ያለው ሣር።

ሰርዶ ነው። ከቤታችን ግድግዳ ሥር ጀምሮ ወደ አጥሩ፣ ልክ በክር እንደተለካ ምንጣፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ተነጥፏል። ጠዋት ሲረግጡት ጭልቅ ይላል። እግር ሲነሳ ዱካው ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ ቀዝቃዛ፣ ቡናማ፣ የዛገ ቆርቆሮ ሽታ ያለው ውሃ። ዝናብ ከቆመ ወራት አልፎ፣ የጎረቤት ጓሮ ተሰነጣጥቆ፣ የእኛ መሬት ግን የታመመ ሰው ግንባር ይመስል እንደረጠበ ነው።

ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። መሬቱ ወባ ይዞታል ብዬ አስብ ነበር፤ እኔን ሲይዘኝ እንደዚያ ስለሚያልበኝ።

ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አባቴ ቀናው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር፤ ብዙ አይናገርም፤ ሣሩ ዳር ሲያየኝ ግን ስሜን ብቻ ይጠራል፣ "ማቲ!" ብሎ። ያ በቂ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሹክሪ ደግሞ፣ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ማንም ሳይከለክላት ራሷ አትረግጠውም።

"ዋርያ ማቲ፣ ሣራችሁ ዛሬም አልደረቀም?" ትለኛለች በአጥሩ ቀዳዳ፤ ዋርያ አንተ ማለት ነው።

"አልደረቀም።"

"የኛ ፍየል እኮ የምትበላው አጥታ ካርቶን በላች።"

"ታዲያ አምጪያትና ትጋጥ።"

"እምቢ።"

"ለምን?"

ሹክሪ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ወደ ቤታቸው ዞር ብላ አየች፤ እናቷ ኤዶ ሆዶ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ኤዶ አክስት ማለት ነው።

"ካርቶን ትወዳለች" አለችኝ።

እህቴ ልደት ሐረር ነበረች። ለእኔ የተነገረኝ እንደዚያ ነው፤ አክስታችን ወለተሐና ዘንድ ሆና እየተማረች ነው። የሄደችበትን ቀን፣ ገና የአራት ዓመት ልጅ ብሆንም፣ በደንብ አስታውሰዋለሁ። በራችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ከሐረርም ከቶጎጫሌም ዘመድ መጣ። አባቴ ጺሙን ሳይላጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ይጨብጠው ነበር። ለእኔ በሁለት እጄ ሙሉ ንፍሮ ሰጡኝ። እሷን ልትወስድ የመጣችውን አክስቴን ቀሚሷን ይዤ ቆሜ፣ ለአንዲት ልጅ ይህን ያህል ሸኚ መምጣቱ ቅናት ስላሳደረብኝ፣ "እኔ ሐረር ስሄድም ድንኳን ይተከልልኝ" አልኳት። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ውጭ ሮጠች።

ንፍሮ ለምን እንደሚቀቀል ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ጠዋት አባቴ ወደ ሥራ ሲወጣ እናቴ አትጠገብ ሳፋና አሮጌ ጨርቆች ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። እሷ ስትሆን ሣሩ አይከለከልም። ተንበርክካ ጨርቁን ትዘረጋለች፣ በሁለት መዳፏ ትጫነዋለች፣ ውሃውን ሲጠጣ አንስታ ሳፋው ላይ ትጨምቃለች። ከዚያ አጠገቡ ያለውን። ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን። ሳፋው ሲሞላ ከግቢ ውጭ አውጥታ መንገዱ ላይ ትደፋዋለች። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጥልን ሰውዬ አንድ ቀን ይህን አይቶ አህያውን አቁሞ ሲመለከታት ቆይቶ ሄደ።

እኔ ሣሩን የምታጥበው መስሎኝ ነበር። ልደት ስትመለስ ንጹህ ሆኖ እንዲቆያት። እናቴ ብቻዋን መልፋቷ አሳዘነኝና አንድ ጠዋት የመጠጥ ውሃ ያለበትን ጆግ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ከጎኗ ቆሜ ሙሉውን ሣሩ ላይ ገለበጥኩት።

እናቴ ጆጉን ነጠቀችኝ። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ያለው አይበቃም?" አለች። "ማቲ፣ ያለው ውሃ አይበቃም?"

ዓይኔን ስገልጥ ጆጉን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ከዚያ ያፈሰስኩበት ቦታ ላይ ጨርቅ አድርጋ በክንዷ ክብደት ሁሉ ተጫነችው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ቆየች።

"ልደት ስትመጣ እንዲያምርላት ነው አይደል?" አልኳት።

"አዎ" አለችኝ።

አሁን እኔ የምተዳደረው አሸንዳ በመሥራት ነው። ቆርቆሮ እቆርጣለሁ፣ አጥፋለሁ፣ የጣራ ውሃ በየት ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ አስተካክላለሁ። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይሆንልኝም፤ ስለ ውሃ ሲሆን ግን እናገራለሁ። ግቢያችን ረጠበ፣ ሣራችን በሰበሰ የሚሉ ሰዎች ይጠሩኛል። ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ውሃው ከየት ይመጣል፣ የሚሄድበትስ ምን ዘጋበት። ከላይ ያለውን መጥረግ ድካም ነው። ይህን ስናገር በዓይኔ የሚመጣብኝ የእናቴ መዳፍ ነው፤ ቀልቶ፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማዶ።

ሹክሪ ያልነገረችኝን አባቷ ነገረኝ፤ ለእኔ ብሎ ግን አይደለም። አዴር ሮብሌ፣ አዴር አጎት ማለት ነው፣ ብርካ ገንቢ ነው። ብርካ መሬት ተቆፍሮ፣ ጎንና ጎኑ ወለሉም በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ከቀብሪበያ እስከ አውበሬ ያለ ሰው በብርካ ነው ጅላልን የሚያልፈው። አንድ ቀን ከሥራ መልስ አባቴን ጓሮ አግኝቶት ሣሩ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ እኔ የውሃ በርሜላችን ጀርባ ነበርኩ።

"ወላሎ ቀናው" አለ አዴር ሮብሌ። ወንድሜ ማለቱ ነው። "ግድግዳህን እየው። እርጥበቱ ጉልበት ደርሷል። ጭቃ ነው እኮ፤ ይወድቃል።"

"አያለሁ።"

"ብርካ ሲዘጋ መጀመሪያ ወለሉ ይሰበራል፣ ከዚያ አፈር ይሞላል። አንተ ወለሉን ሳትሰብር ሞላኸው። ሳህን ነው የቀበርከው። ውሃ ይገባል፣ አይወጣም። ጣራህ ደግሞ በዘነበ ቁጥር አሁንም ያጠጣዋል፤ ያንን ቱቦ እንኳ አላዞርከውም።"

"አውቃለሁ ሮብሌ።"

"ታዲያ እኔ ልግባ። አንተ ሥራ ሂድ፤ ስትመለስ አልቆ ታገኘዋለህ።"

"ማንም እዚያ አይወርድም።"

"ቀናው..."

"ማንም አይወርድም አልኩህ!"

አዴር ሮብሌ ሽርጡን አጠበቀና መሬት መሬት እያየ ሄደ። እኔ ብርካ እንደነበረን አላውቅም ነበር። ከሣሩ ሥር ትልቅ ሳህን መኖሩ ግን በጣም ገረመኝ፤ ምን ተበልቶበት እንደተቀበረ ሳስብ ዋልኩ።

የሆነው ይህ ነው። እኔ አራት ዓመቴ ሳለ በነሐሴ፣ ከረን በሚባለው ዝናብ ወቅት፣ አባቴ የጣራው ውሃ እንዲገባ የብርካውን ክዳን ገፋ አድርጎት ነበር። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ልደት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ውሃው የት እንደደረሰ ለማየት ሄደች። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ከቀብር በኋላ አባቴ አፈር በሎሪ አስመጥቶ ሞላው። ወለሉን ለመስበር መውረድ ያስፈልጋል፤ መውረድ ማለት እዚያ መቆም ማለት ነው። ስለዚህ ሳይሰብረው ሞላ። እናቴ ባዶውን አፈር እንዳታይ ደግሞ ከወንዙ ዳር ሰርዶ ነቅሎ አምጥቶ በእጁ ተከለበት። ልደት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ ተቀብራለች። እናቴ ይህን ታውቃለች። ሣሩ በረጠበ ቁጥር ግን ልጇ ከውሃው ገና ያልወጣች ይመስላት ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እናቴ ተኝታለች። በባዶ እግሬ ወደ ሣሩ ወጣሁና ዘለልኩበት፤ ጭልቅ፣ ጭልቅ። እግሬን ሳነሳ ዱካዬ ሲሞላ፣ ዞሬ ሳየው ከኋላዬ ሌላ ልጅ የሚከተለኝ ይመስል ነበር። ጠገብኩና እናቴ መንቃት አለመንቃቷን ለመስማት በረንዳውን አቋርጬ በሯ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሮጬ በርሜሉ ጀርባ ተደበቅሁ።

እናቴ በሩን ከፈተች። ሲሚንቶው ላይ ትንንሽ እርጥብ ዱካዎች ከሣሩ ተነሥተው እሷ በር ድረስ መጥተዋል።

አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተንበረከከችና መዳፏን አንደኛው ዱካ ውስጥ አሳረፈች።

"ልደት?" አለች፤ በቀጣዩ ክፍል ያለ ሰው እንደሚጠራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። መጣች ማለት ነው! በጓዳ በር ዞሬ ወደ ውጭ በር ሮጥኩ። መንገዱ ላይ አንድ የአህያ ጋሪና አቧራ ብቻ ነበር። ግራና ቀኝ አይቼ ስመለስ እናቴ ዱካዎቹን በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች ነበር፤ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው፣ በጥንቃቄ፣ ጣት በጣት።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ማንም አልበላም። እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

"ሮብሌን ጥራው" አለች እናቴ። "ይቆፍረው። ይድረቅልኝ።"

"ሣር ነው አትጠገብ። ሣር ይረጥባል።"

"ቀናው፣ አትዋሸኝ።"

"እዚያ ሰው ሲገባ ማየት አልችልም። አልችልም፤ ምን ላድርግ?"

"ካልደረቀ እኔም ወደ ልደት እሄዳለሁ።"

ከዚያ አባቴ "እንዲህ አትበይ፤ በማርያም፣ እንዲህ አትበይ" አለ።

ለምን እንደሚለምናት አልገባኝም። ሐረር ሩቅ አይደለም፤ መንገድ ላይ ደግሞ ባቢሌ ላይ ለውዝ በአውቶቡስ መስኮት ይሸጣል። ያኔውኑ ሸሚዜንና ብዮቼን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ብዮቹ ለልደት ናቸው። እናቴ ሳትነግረኝ እንዳትሄድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም፤ ፌስታሉን ትራሴ ሥር አድርጌ ጠበቅሁ።

ብዙም አልቆየሁም። አንድ ጠዋት ጨርቅም ሳፋም ሳትይዝ ወጣች። አባቴ ሥራ ሄዷል። በአጥሩ ክፍተት አልፋ ወደ አዴር ሮብሌ ግቢ ገባች። እዚያ ማንም አልነበረም፤ ኤዶ ሆዶ ገበያ፣ ሹክሪ ቁርኣን ቤት ናቸው። ፌስታሌን አንሥቼ ጫማዬን አጠለቅሁ፤ ክሩ አስቸግሮኝ ትንሽ ዘገየሁ።

ስደርስ የአዴር ሮብሌን ብርካ ክዳን ገፍታ ከአፉ ላይ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣዋለች፤ ሰው ቤት ስትገባ እንደምታደርገው። እጇ ባዶ ነው።

"እማዬ፣ ባልዲ ረሳሽ" አልኳት።

አልዞረችም።

"ጫማዬን ራሴ አሰርኩ" አልኳት። "እኔንም ውሰጂኝ።"

"የት?" አለች፤ አሁንም ሳትዞር።

"ወደ ልደት ነዋ። እዚያ አይደል የምትሄጂው? ሰምቻለሁ እኮ። አላስቸግርሽም፤ በመስኮት በኩል ልቀመጥም አልልም።" ፌስታሉን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። "ብይ ይዤላታለሁ።"

ያኔ ዞረች። ፊቷን እስከ ዛሬ መግለጽ አልችልም። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ስራመድ እጆቿን ዘረጋች።

"ቁም! እዚያው ቁም። እንዳትንቀሳቀስ የኔ ልጅ፤ እኔ እመጣለሁ። እኔ ነኝ የምመጣው።"

መጥታ ስታቅፈኝ ጎኔን አመመኝ። ፌስታሉ ተቀዶ ብዮቹ ተበተኑ፤ አንዱ ተንከባሎ ተንከባሎ ብርካው ውስጥ ገባ። ጥልቅ አለ። ድምፁን ስትሰማ የባሰ አጥብቃ ያዘችኝ።

"ብዬ ወደቀብኝ!" እያልኩ አለቀስኩ።

"ይቅር። እሱ ይቅር።"

"መቼ ነው የምንሄደው?"

"አንሄድም።"

"ልደትስ?"

"ትጠብቀን" አለች እናቴ ወደ አንገቴ ውስጥ። "ትንሽ ትጠብቀን።"

ከዓመታት በኋላ፣ ቆርቆሮ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንድ ሰው የብርካ ክዳን አሠራኝ። ለመለካት አፉ ላይ ስቆም እንዳያንሸራትተኝ ጫማዬን አወለቅሁ። ውሃው ከታች ጥቁር ነበር። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ጎን ለጎን ሳስተካክል እጄ ቆመ። ባልዲ አልረሳችም ነበር። የዚያን ቀን ሥራውን ሳልጨርስ ወደ ቤት ሄጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። "አሞሃል?" አለችኝ። "ደክሞኝ ነው" አልኳት።

ያን ጠዋት እናቴ የብርካውን ክዳን ገፍታ ከዘጋች በኋላ ከአዴር ሮብሌ ዕቃዎች መካከል ዲጂኖ አነሣች። ቤታችን ተመልሳ ሣሩ መሃል ቆመችና መታችው። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሣሩ ሲገለበጥ ጮኼ አለቀስኩ፤ ልደት ስትመጣ ምን ልናሳያት ነው? አዴር ሮብሌ ከሥራ ተመልሶ በአጥሩ አያትና ምንም ሳይጠይቅ አካፋና ሳንቃ ይዞ መጣ። እሷ ትቆፍራለች፣ እሱ አፈሩን ያወጣል፣ ጎኑ እንዳይናድ በሳንቃ ይደግፋል።

አባቴ ለምሳ ሲገባ ጉድጓዱ ወገብ አልፏል። ጓሮው በር ላይ ቆሞ ቀረ።

"አትጠገብ፣ ውጪ።"

"ወይ አንተ ትወርዳለህ" አለች እናቴ ከታች ቀና ብላ፣ "ወይ እኔ እስከ መጨረሻው እወርዳለሁ።"

አባቴ እኔን አየኝ። እናቴን አየ። ኮቱን አወለቀና አጥሩ ላይ ሰቀለው።

ከሰዓት በኋላ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ሲያልፍ አፈሩ ጥቁር ጭቃ ሆነ። የተዘጋ ነገር ሽታ ወጣ። አዴር ሮብሌ የብረት ዘንግ ወደ ታች ሰደደና ኳ ሲል ሰማነው።

"ወለሉ ነው። ወላሎ፣ ውጣ። ይህቺን እኔ ልምታት።"

"አይ" አለ አባቴ። "እኔ ነኝ።"

ከዚያ ከመሬት ሥር ብረት ሲሚንቶ ሲመታ ተሰማ። ይመታል፤ ይቆማል። በሚቆምበት ጊዜ ሌላ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ አባቴ ዲጂኖውን ለማንሣት የሚያቃስት መስሎኝ ነበር። እናቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ "በርታ ቀናው፤ እዚህ ነኝ" ትለዋለች። እንደገና ይመታል። በመጨረሻ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ የተጠማ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲጠጣ ጉሮሮው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከሲሚንቶው ሥር አሸዋ ነበር። ረጅም ጊዜ ጠጣ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ አዴር ሮብሌ፣ ፊቱን በሽርጡ ጠርጎ። "ሄደ።" ከዚያ ሳይጠሩት መሰላል አምጥቶ የጣራችንን ቱቦ ከሣሩ ወደ መንገዱ አዞረው፤ በማግስቱ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ቦይ ቆፍሮ ጠጠር ሞላበት። ዛሬ ለደንበኞቼ የምሠራላቸው ያንኑ ነው።

አባቴ ሲወጣ የረጠበው እስከ ጉልበቱ ነበር። ከጉልበቱ በላይ ደረቅ ነው፤ ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፣ ፀጉሩ ላይ አቧራ ይታያል። እናቴ በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አውልቃ ታደርቀው ጀመር። እግሩን አይደለም። ፀጉሩን። ከፀጉሩ ወደ ጆሮው፣ ከጆሮው ጀርባ፣ አንገቱን፣ ብብቱን፣ የእጁን ጣቶች አንድ በአንድ፤ ከሳፋ የወጣ ሕፃን እንደሚደርቅ። አባቴ እጆቹን ስታነሣለት እያነሣ፣ ራሱን ስትጫነው ዝቅ እያደረገ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ እግሩ እኮ ነው የረጠበው" አልኳት።

እሷ ወደ ሌላው ጆሮው አለፈች።

ጉድጓዱ በአፈሩ ተመልሶ ተሞልቶ የተገለበጠው ሣር ከላይ ተነጠፈበት፤ ጅላሉ ሳይወጣ ግን ሣሩ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ የአቧራ መልክ ያዘ፤ እንደ ሰፈሩ መሬት ሁሉ ተሰነጣጠቀ። እናቴ ጠዋት ትወጣና መዳፏን መሬቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ደረቅ መሆኑን አይታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጨርቆቹን ሁሉ አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠቻቸው።

አንድ ቀን ሹክሪ በአጥሩ ክፍተት ገባች። ጫማዋን አወለቀች። በአንድ እግሯ ጣት ሣሩን ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ሙሉ እግሯን አሳረፈች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ጭልቅ አላለም።

"ዋርያ" አለችኝ፣ "ደርቋል።"

"ሞቷል እኮ" አልኳት፤ ዕንባዬ መጣ። "አሁን ልደት ስትመጣ ምን ልንላት ነው?"

ሹክሪ ታውቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አፏን ከፈተች፣ ወደ ቤታቸው ግን አልዞረችም። እኔን ነው ያየችው።

"ስትመጣ እኔ እነግራታለሁ" አለችኝ። "አሁን ና፣ እንጫወት።"